ከምደፋው ለአበባው

ሰው ቤት ገብቶ ውኃ ይቀዳለታል፤ ግማሹን ይጠጣል፣ ግማሹን ያስተርፋል። ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ብርጭቆውን ከነትራፊው መመለስ ኃጢአት ይመስል ዙሪያውን ያማትራል፤ ጥግ ላይ የቆመ ተክል ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ «ከምደፋው ለአበባው ይሁን» ይልና ከአናቱ ይቸልስበታል። ከዚያ ቀና ብሎ ምስጋና ይጠብቃል።

የኔው ተክል ዩካ ነው፤ አበባ አይደለም። ግን እኛ ዘንድ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ሁሉ አበባ ነው። የዩካ ወገን አብዛኛው ከሜክሲኮና ከአሜሪካ ደረቅ ምድር የወጣ ነው፤ ጥማት ባህሉ ነው። እኔ ደግሞ ያለሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው፤ የጓሳ ደጋ ጎረቤት ነኝ። ክረምት ሲሆን ጉሙ ሳያንኳኳ ሰተት ብሎ ገብቶ ከእኛ ጋር ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። እዚህ ተቀምጦ ዩካን «ጠማው» ብሎ ያዘነ ሰው፣ ለእኔ አንድ ጊዜ ሊያዝንልኝ ይገባ ነበር።

ምክንያቱም ዩካዬ ቅጠል ላይ የፈንገስ ነጠብጣብ ወጣ። ቢያድለኝ ኖሮ ለማንም አላወራም ነበር። መጀመሪያ ከታች፣ ባረጀው ቅጠል ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል የገረጣች ምልክት ትታያለች። ቢጫ ትሆናለች፤ ሰንበት ብላ ቡናማ ትሆናለች፤ ትሰፋለች። ቅጠሉን ወደ መስኮት አስጠግታችሁ ብታዩት መሐሏ ላይ ደቃቅ ጥቋቁር ነጥቦች ተሰድረዋል፤ የፈንገሱ ጎተራዎች ናቸው፣ ዘሩ እዚያ ነው ያለው። ዘሩ እግር የለው፣ ክንፍ የለው፤ ቁጭ ብሎ የውኃ ጠብታ ይጠብቃል። ጠብታ ሲያርፍበት አብሮ ይፈናጠርና ጤነኛው ቅጠል ላይ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ ለሰዓታት ሳይደርቅ ከቆየለት በቀለ ማለት ነው። እንግዲህ ያቺን የብርጭቆ ትራፊ አስቧት።

ሕክምናው ደግሞ አያስደንቅም፤ ሰው የማይወደውም ለዚህ ይመስለኛል። የታመመውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ ማቃጠል፣ መቀሱን በየቁርጡ በአልኮል መጥረግ፣ ውኃውን አፈሩ ላይ ብቻ ማፍሰስ፣ እሱንም አፈሩ ደርቆ ሲገኝ፣ ተክሉንም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማቆም። በቃ። ፀረ-ፈንገስ የሚረጨው ይሄ ሁሉ አልበቃ ሲል ነው፤ እሱም ያልተነካውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የተበላሸውን አረንጓዴ አያደርግም።

ይሄን የሚሰማኝ ግን ማን ነው? እትዬ ጎረቤቴ አመድ ነስንስበት አሉኝ። ልጃቸው የቡና አተላ አለች። አንዲት ዘመዴ ቅጠሉን በቅቤ ብትወለውለው ብላ ጀምራ የቅቤው ዋጋ ትዝ ሲላት ተወችው። ግቢውን የሚጋሩን ጋሼ ግን መቀሱ ላይ ነው ዓይናቸው የቀረው።

«በምንድን ነው የምትጠርገው?»

«በአልኮል ጋሼ፣ ከፋርማሲ።»

«የደብረ ብርሃን ዳግም አረቄ እያለ?»

«እሱ አይደርስም ጋሼ። 70 በመቶ መሆን አለበት።»

«አይደርስም? ዳግም?» ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

የሚገርመኝ፣ ይሄ አገር ለቅጠል በሽታ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ባቄላችንን ቸኮሌት ስፖት የሚሉት ፈንገስ ቡናማ ነጥብ በነጥብ አድርጎ ሲያነደው አይተናል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቆርምድ መጣ፤ ቅጠሉን እንደ ኪንታሮት እያሳበጠ አኮማትሮ የሚያስቀረው። ብርድና እርጥበት የሚወድ በሽታ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ሁለቱም በነፃ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ስንት ክረምት በባቄላ ማሳ ውስጥ አጎንብሰውበታል። እና ገበሬው እርጥበት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እኛው ራሳችን ከዝናብ ለመሸሽ የጓሳን ሣር ገሳ አድርገን እንለብሳለን። ለተክል ሲሆን ብቻ ነው መርጠብ ጤና የሚመስለን።

መድኃኒት ፍለጋ የወጣሁ ዕለት ነው ጨዋታው የቆመው። ሱቁን አልጠራም። ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ለሻጩ ዘረጋሁለት፤ እሱ ቅጠሉን ሳያይ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነጭ ፈሳሽ አወጣ። ምንድን ነው? «መድኃኒት ነዋ!» ለፈንገስ ነው? «ለሁሉም ይሆናል፤ ለባቄላም፣ ለቅማልም።» ሽታው ግን የነፍሳት መግደያ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈንገስን አይነካም። ገንዘቤ ይቅር። ያን ሃይላንድ ግን አንዲት እናት ገዝታ ቤቷ ትወስደዋለች፤ መደቡ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ ከሜዳ ሮጦ የመጣ ልጅ ያገኘዋል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሐኪሙ «ምን ጠጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «ሃይላንድ» ነው። ማርከሻው የተጻፈበት ወረቀት ፈሳሹ ከተቀዳበት ከመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ቀርቷል። ይሄ ድህነት አይደለም፣ አለማወቅም አይደለም፤ አንድን ጠርሙስ አሥር ጊዜ ለመሸጥ የተደረገ ነው። መርዝን በውኃ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ተብሎ መጠራቱ ያንገበግበኛል።

ውኃ ልጠጣ። ሁሉንም እጠጣለሁ፣ አታስቡ።

ወደ ዩካው ልመለስ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ወዳጄን ጓሳ ይዤው ወጣሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጭላዳው መንጋ ሆኖ ሣር ይነጫል። ወዳጄ ከሩቅ የጅብራ ተራ አየና «ይሄን ሁሉ ዩካ ማን ተከለው?» አለ። ዝምድና የላቸውም፤ መልካቸው ግን ያሳስታል። ጅብራ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ እየተፈራረቁበት ዓመታትን ይቆማል፤ «እንደ ጅብራ ተገተርክ» የተባለ ሁሉ ይገባዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ቅጠሉ ላይ ነጥብ ቢወጣ አመድ የሚነሰንስበት የለም። ዩካ ደግሞ የራሱ የእሳት ራት አለችው፤ እሷ ካላዳቀለችው ዘር አይሰጥም፤ እሷም እዚህ የለችም። እኔ ቤት አበበ ማለት በከንቱ አበበ ማለት ነው።

ጓሳንም ያቆየው እንክብካቤ አይመስለኝም፤ አለመነካካት ነው። አባቶች ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጉት ነበር፤ ሣር ማጨድ የለ፣ ከብት ማስገባት የለ። አፅመ ርስት ያላቸው አባወራዎች ራሳቸው ይጠብቁት ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ ያዘ። ቀይ ቀበሮ ዛሬ እዚያ ሣር ውስጥ አይጥ የሚያድነው ለዚህ ነው። ቀይ ቀበሮ ካነሣሁ ደግሞ፣ ወዳጄ አንዷን አየሁ ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል፤ እኔ ውሻ ነበር ባይ ነኝ፤ ነገሩ አልተቋጨም።

እናንተም መጥታችሁ ፍረዱ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጋችሁ ስትመጡ ስስ ጃኬት ለብሳችሁ እንዳትሞኙ፤ በርኖስ እዚሁ መንዝ ግዙ፣ ከበጎቻችን ፀጉር የተሠራ ነው።