ፍራንክፈርት መርካቶን የት ያውቀዋል?

ገበያ ሲቀዘቅዝ የመርካቶ ሱቅ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። አንዱ ዳማ ይዘረጋል፤ ሌላው ስልኩ ላይ ይደፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቆሞ የሁለቱንም ጨዋታ ይተቻል። እኔ ከሦስተኞቹ ወገን ነበርኩ። የፊት ለፊቱ ጫማ ሱቅ ልጅ ስልኩ ላይ ያለውን ጨዋታ ሳጣጥልበት ሰነበትኩና አንድ ቀን መረረው። «ታዲያ አንተ የተሻለ ሠርተህ አታሳየንም?» አለኝ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ የተባለ ሰው ወይ ዝም ይላል ወይ ዕቃ ያስመጣል። የማስመጣው ዕቃ ስላልነበረኝ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ጀመርኩ።

ያሰብኩት ጨዋታ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ሁሉ ተሸካሚ ነው። ሸክሙን ሚሊቴሪ ተራ ላይ ያነሣል፤ በሰው መሐል ተሽሎክሉኮ አውቶቡስ ተራ ያደርሳል። መንገዱ ላይ ጋሪ አለ፣ ወደ ኋላ የሚነዳ አይሱዙ አለ፣ መተላለፊያው ላይ ተገትሮ ዋጋ የሚከራከር ሰው አለ። ቀድሞ ያራገፈ አሸነፈ። ለካርታው ብዙ አልደከምኩም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደዚህ ሲያዛውረው ሰፈሩን በቀጥተኛ መንገዶች ከፋፍሎት ስለነበር፣ አራት ማዕዘን ከአራት ማዕዘን ጎን መደርደር ብቻ ነው። ያስቸገረኝ የሰው ብዛት ነው። እንደ እውነተኛው ቅዳሜ ሰው ስሞላበት ማንም ተጫዋች ከቆመበት ንቅንቅ ማለት አቃተው። ጎረቤታችን ጋሼ፣ ብርድ ልብስ ነጋዴው፣ በትከሻዬ ላይ አጮልቀው አዩና «እሱስ ልክ ነው፣ አትንካው» አሉ።

በብሮውዘር የሚሠራ እንዲሆን የፈለግሁት በምክንያት ነው። የሱቅ ልጆቻችን ስልክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ አንድ መተግበሪያ ለመጫን የአንድ ዘመድ የሠርግ ቪዲዮ መጥፋት አለበት። በብሮውዘር ከሆነ ግን ሊንኩን በቴሌግራም መላክ ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይገባሉ። በዚህ መንገድ ዓለምን ያጫወቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ማቴውስ ቫላዳሬስ የሚባል የ19 ዓመት ብራዚላዊ ትልቁ ክብ ትንሹን የሚውጥበትን «አጋር አይኦ»ን ለቀቀ፤ በማግስቱ ዓመት «ስሊዘር አይኦ» እባቦቹን ይዞ ተከተለው። እኛም ጋ «ኩኩሉ» አለች፤ የቅኔ ጌምስ ሥራ፣ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ። ኩኩሉ ግን መተግበሪያ ናት፣ የምትሮጠውም ለብቻዋ ነው። የእኔ ተሸካሚዎች መገፋፋት ነበረባቸው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከግፊያው ነው።

ዳማና ገበጣ ተራ በተራ ስለሆኑ ኢንተርኔት ቢዘገይም ግድ የለም፤ እንዲያውም ተጫዋቹን አሳቢ ያስመስለዋል። ሩጫ ግን ተራ አይጠብቅም። የተለመደው ድረ ገጽ የሚሠራው በጥያቄና መልስ ነው፤ ስልኩ ይጠይቃል፣ ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ይመልሳል፣ ከዚያ ዝም። ልጅ ልኮ «ዋጋው ስንት ገባ?» እንደማስጠየቅ ነው፤ ልጁ እስኪመለስ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ዌብሶኬት የሚባለው ዘዴ ግን መስመሩን ሳይዘጉ ከደላላው ጋር መዋል ነው፤ ሁለቱም ወገን ባሰኘው ጊዜ ይናገራል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ወጥቶ ዛሬ በታወቁት ብሮውዘሮች ሁሉ ውስጥ አለ። የጨዋታውን ሰርቨር የጻፍኩት ራያን ዳል የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው፣ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያሠራው ኖድ ጄኤስ ነው፤ ስልኩም ሰርቨሩም የሚገባቸው ያው ጃቫስክሪፕት ስለሆነ አንድ ቋንቋ ተምሬ ሁለቱንም ዳር ያዝኩ።

ከዚያ ሰርቨር ተከራየሁ። ረከስ ያለ ያገኘሁት ፍራንክፈርት ነው፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ያ የጫማ ሱቅ ልጅና ታናሽ ወንድሜ ናቸው። በመሐላቸው አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሲሰዳደቡ ያለ ስልክ ይሰማማሉ። ወንድሜ ግራ ሲጫን ግን ትእዛዙ ከመርካቶ ወጥቶ፣ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር ገብቶ፣ ጀርመን ደርሶ፣ ያንኑ ሁሉ መንገድ ተመልሶ ነው ፊት ለፊት ያለው ስልክ ላይ የሚታየው። ይህን ለጋሼ ባስረዳቸው ከልባቸው አዘኑ። «አምስት እርምጃ ለመሄድ ፍራንክፈርት? ኮንትሮባንድ እንኳ እንዲህ አይዞርም!» አሉ።

ሒሳቡ የማያወላዳ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም፣ በየመንገዱ ያሉ መሣሪያዎችም የየድርሻቸውን ያዘገያሉ። የፈለጉትን ጥቅል ቢገዙ ብርሃንን «ትንሽ ቀንስልኝ» ማለት አይቻልም። መርካቶ ተቀምጬ የማይከራከሩበት ዋጋ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ለጠቡ መነሻ የሆነው ግን ይህን መዘግየት የሚሸፍነው ብልሃት ነው። ሰርቨሩ የሁሉንም ቦታ በሰከንድ 20 ጊዜ ይልካል፤ ስክሪኑ የሚሳለው ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው። ክፍተቱን ስልኩ ራሱ ይሞላዋል፤ ባላንጣህን በሁለት መልእክት መሐል እያሰላ ያንሸራትተዋል። አንተን በሚመለከት ደግሞ የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ ገምቶ ወዲያው ያስኬድሃል፤ አለዚያ ተሸካሚው ከታዘዘ በኋላ ቆሞ የሚያስብበት ይመስላል። ጆን ካርማክ የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1996 «ኩዌክወርልድ» ለተባለው ጨዋታ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ውጤቱ ጉድ ነው። በገዛ ስልክህ ላይ ራስህን አሁን ባለህበት፣ ሌላውን ግን ቅድም በነበረበት ታያለህ። እሱም አንተን እንዲሁ።

ስለዚህ ወንድሜ ቀድሞ አውቶቡስ ተራ ገባ። የጫማ ሱቁም ልጅ ቀድሞ ገባ። ሁለቱም ስልካቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ሁለቱም አልዋሹም። መርካቶ ውስጥ ጠብ ምስክር አያጣምና ሰው ተሰበሰበ። ገሚሱ ለዚህ፣ ገሚሱ ለዚያ መሰከረ፤ አንዱ ጨዋታውን ጭራሽ ሳያይ ለሁለቱም መሰከረ። ቡና የሚያፈሉልን እትዬ «እኩል ናቸው በሉና ይብቃ» ቢሉም ኮድ ሽማግሌ አይሰማም። የሰርቨሩን መዝገብ ስከፍት ወንድሜ በአንድ ዙር፣ ማለትም በ50 ሚሊ ሰከንድ ተቀድሟል።

«ማን ነው የፈረደው?» አለ።

«ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨር።»

«ፍራንክፈርት መርካቶን የት ያውቀዋል?»

መልስ አልነበረኝም።

ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ሲጨመር ነገሩ ባሰ። እሱ በላፕቶፕ ነው የገባው። ኤፍ 12 የምትለዋን ቁልፍ ተጫነ፤ የጨዋታው ኮድ ፊቱ ተዘረገፈ፤ ተሸካሚውን ከሚሊቴሪ ተራ ብድግ አድርጎ አውቶቡስ ተራ አስቀመጠው። ሰው አልገፋ፣ ጋሪ አልጠበቀ፣ ላብ የለ። ብሮውዘር ውስጥ ያለ ኮድ በተጫዋቹ እጅ ነው፤ የሚያስተማምን መቆለፊያ የለውም። ስለ መድኃኒቱ ረጃጅም ምዕራፎች ተጽፈዋል። ጋሼ ግን ብርድ ልብስ እያጠፉ በአንድ አፍ ጨረሱት፦ «ተሸካሚው ‹አድርሻለሁ› ስላለ ትከፍለዋለህ? ደረሰ የሚለው ተቀባዩ ነው።»

ይኸው ነው ምዕራፉ ሁሉ። ስልኩ «እዚህ ደርሻለሁ» እንዲል አይፈቀድለትም፤ «ቀኝ ተጫንኩ» ብቻ ይበል። ፍጥነቱን የሚወስነው፣ ግድግዳውን የሚያቆምበት፣ የት እንደደረሰ የሚያሰላው ሰርቨሩ ነው። ጋሼ ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም፤ ሰውን ባለማመን ግን የዕድሜ ልክ ልምድ አላቸው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ ቀን ውድድር ጠራሁና «8 ሰዓት» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ስልኮቹ 2 ይላሉ፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት 11 ይላል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ስልኩ 8 እስኪል ጠብቆ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገባና ብቻውን ሮጦ አሸነፈ። የሌሎቹም ስልኮች በደቂቃ ይበላለጣሉ፤ አንዱማ ዓመቱንም ስቷል። በእሱ ሰዓት ቢቆጠር ሸክሙን ያደረሰው ሳያነሣው ነው። ስለዚህ ስልክ የሚናገረው ሰዓትም ያው እንደ «አድርሻለሁ» ነው፤ የሚቆጠረው የሰርቨሩ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ባለሱቆቹን ያሳሰባቸው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሜጋባይት ይበላል?» አንዱ መልእክት 300 ባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ሲላክ በሰዓት ከ21 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ለመቀነስ መጀመሪያ ከመልእክቱ ያስወጣሁት የተጫዋቾቹን ስም ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው ግን 1። «መርካቶ» 12 ባይት ነው ማለት ነው። ልጆቹ ደግሞ ለራሳቸው የሚያወጡት ስም «የሚሊቴሪ ተራው አንበሳ መጣ ዞር በሉ» ዓይነት ነው። አሁን አንበሳው ስሙን ሲገባ አንዴ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥር ነው።

በመጨረሻ ችሎቱን ከፍራንክፈርት ወደ ሱቃችን አዛወርኩት። ሰርቨሩን ላፕቶፔ ላይ አስነሣሁ፤ ልጆቹ በሱቁ ዋይፋይ ገቡ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ዳታ አይቆጥርም፤ መልእክቱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይመላለሳል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩን ደግሞ የአንድ ስልክ ሆትስፖት ይተካዋል፤ በመሐሉ ሁሉም ተበጥሰው ስለሚወጡ ተመልሰው ሲገቡ ሸክማቸው ካስቀመጡበት እንዲቆያቸው ሰርቨሩን አዝዤዋለሁ። የቀረው ጠላት ቆርቆሮ ነው። ዋይፋይ ከቆርቆሮ ሲጋጭ ይዳከማል፤ ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ያለው ልጅ ተሸካሚው ይቆምና፣ ድንገት ተስፈንጥሮ ሦስት ሱቅ አልፎ ይገኛል። በተሸነፈ ቁጥር «ሰርቨሩ ያንተ ሱቅ ስለሆነ ነው» ይለኛል። ሐሰት አይደለም፤ ለሰርቨሩ የቀረበ ይጠቀማል። ወንድሜ ይህን ካወቀ ወዲህ ከላፕቶፑ አጠገብ ለቡናም አይነሣም።

መማር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ይጀምራል፤ ተሸካሚውን ያሳምራል፣ ሸክሙን ቀለም ይቀባል። ከባዱ ሥራ ግን የተለያየ ነገር ያዩ ሰዎችን በአንድ ፍርድ ማሳደር ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሰርቨር ከመከራየታችሁ በፊት ቤታችሁ አስነሡት። ስልክ የሚላችሁን አትመኑ። ጨዋታውን ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው አይጨቃጨቅም፣ ያልተጨቃጨቁበት ኮድ ደግሞ ጉዱ አይወጣም። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክና አንድ ሰው የማያምን ጎረቤት ይበቃችኋል። ጎረቤቱ ካጠራችሁ መርካቶ ኑ፤ ሞልቷል።