ቁጣ በፖስታ ሲመጣ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እትዬስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ከብርዱና ከደረጃ ጠረጋው በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ጀርመኖቹ ኃይለኞች ናቸው አሉ፤ ይቆጡሃል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ቢቀጥልም በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

እኛ አገር ቁጣ የሚኖረው ፊት ላይ ነው። ኮስታራ ሰው በግንባሩ ይታወቃል፤ ቀልድ የማያውቀውንም «ፊት አይሰጥም» እንለዋለን። እርስዎ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ኮስተር ሲሉ ዝንቡም ይቀመጥ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ደንብ ስለመኖሩ ግን ትዝ አይለኝም። ወላጆችም «ኃይለኛ አስተማሪ ናቸው» ይሉ የነበረው እያመሰገኑ ነው፤ ልጃቸውን እርስዎ ክፍል ለማስገባት ደጅ የጠኑ አውቃለሁ። ጎረቤት «ኃይለኛ ናት» ከተባለች ደግሞ አጥሯን ተሻግሮ የገባ ኳስ እዚያው ይቀራል። ውሻ ኃይለኛ ከሆነማ በር ላይ በቀለም ይጻፍለታል።

ለቁጣው መጠን ሌላ ቃል መፈለግ አያሻንም፤ ያንኑ ቃል ማጠፍ ነው። ቀላ ያለ ነገር ገና ቀይ እንዳልሆነ ሁሉ ቆጣ ያለ ሰውም ገና አልተቆጣም፤ ቡና ቢቀርብለት ይመለሳል። «ተቆጣ» ከተባለ ሽማግሌ ይፈለጋል። «ቁጥት አለ» ሲባል ልጁ በጓሮ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። «መረር ያለ» ደብዳቤ የሚጽፈው አለቃ ነው፤ ደብዳቤው ሲበዛበት «ምርር ብሎት» ሥራውን የሚለቀው ደግሞ ሠራተኛው።

እዚህ ስቱትጋርት ፊት ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም። ቁጣው በፖስታ ይመጣል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት የማሞቂያ ቀሪ ሒሳብ አልከፈልህም ብሎ ጻፈልኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ርዕሱ «ወዳጃዊ ማስታወሻ» ነበር። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሆነና የራሱን የመጻፊያ ዋጋ ጨመረበት። ሦስተኛው ፍርድ ቤት አነሣ። ሦስቱም መጨረሻቸው ላይ «ከወዳጃዊ ሰላምታ ጋር» ይላሉ! እኛ ዘንድ ሰው ሊከስ የተነሣ ቢያንስ ሰላምታውን ያቋርጣል። ገንዘቡ ደግሞ በወቅቱ ተከፍሏል፤ በላይኛው ፎቅ ተከራይ ስም መዝግበውት ኖሯል። ደረሰኜን ይዤ ብሄድ አንድ ፈገግተኛ ልጅ ተቀበለኝ፤ አስተካከለው፤ አልተቆጣም፤ ይቅርታም አላለም። በሳምንቱ «ዕዳ የለብዎትም» የሚል አራተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰላምታው ያው ነው።

የጥብቅነት ቃላቸው «ሽትሬንግ» ነው። አስተማሪ ሽትሬንግ ይሆናል፤ ክረምቱ ሽትሬንግ ይሆናል፤ የከረመ አይብም ሽትሬንግ ይሸታል። በሜይ አጋማሽ፣ ከ12 እስከ 15፣ ውርጭ ድንገት ሊመለስ ይችላል የሚባልባቸው ቀኖች አሉ፤ የእነ ቅዱስ ቦኒፋስ መታሰቢያ ናቸው፤ ቅዱሳኑንም በዚሁ ቃል «ኮስታሮቹ ጌቶች» ይሏቸዋል። የመጨረሻዋ «ቀዝቃዛዋ ሶፊያ» ካላለፈች የታችኛው ፎቅ ወይዘሮ የቲማቲም ችግኛቸውን ከቤት አያወጡም። እትዬ ይህን ቢሰሙ ቅዱሳን በዚህ መንገድ ይታማሉ ወይ ብለው ያማትቡ ነበር።

እኚህ ወይዘሮ ሰማንያን ያለፉ ናቸው። አንድ ቀን «ጥብቅ» የሚለውን ቃላችንን ሳስረዳቸው፣ ጥብቅ ደንብና ጥብቅ ጓደኛ በአንድ ቃል መጠራታቸውን ሰምተው ደስ አላቸው። ለእሳቸው ጓደኝነቱም በጽሑፍ ቢሆን ሳይሻላቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። ተራዬ ሲደርስ የበሬ እጀታ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተንጠልጥላ አገኛለሁ፤ «ኬርቮኸ» ትላለች፣ የጠረጋ ሳምንት። እኔም ስጨርስ ለባለተራው አንጠለጥላለሁ። የነገሩን ሥር እ.ኤ.አ. በ1492 በአካባቢው ገዢ በጢማሙ ኤበርሃርድ ዘመን ከወጣው የከተማው ደንብ ይመዝዙታል። ማዘጋጃ ቤቱ በ1988 እጁን ቢያወጣም፣ ጠረጋው የኪራይ ውል ውስጥ ገብቶ ተደላድሏል። ትንሹ ጠረጋ የራስ ፎቅ ደረጃ ነው፤ ትልቁ ምድር ቤቱንና የእግረኛ መንገዱን ይጨምራል፤ በረዶ ሲጥል አካፋ ይያዛል።

ተቆጣጣሪው ማነው ይሉኝ ይሆናል። ወይዘሮዋ ናቸዋ! ጠርጌ ወልውዬ ስጨርስ በነጠላ ጫማ ይወጣሉ። ነጭ ሶፍት ያወጡና የደረጃውን መደገፊያ ከላይ እስከ ታች ያብሱበታል። ሶፍቱን ያዩታል፤ እኔን ያዩኛል፤ ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። አንዲት ቃል የለም። እኔ ተጨንቄ እዚህ ለቆየ አንድ ያገሬ ልጅ ብነግረው ሳቀብኝ። ለካ የዚህ አካባቢ ሰዎች፣ ሽዋቦቹ፣ «ካልተቆጡህ ተመስግነሃል» የሚል አባባል አላቸው። ባለፈው ቅዳሜ እንዲያውም ሶፍቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ «ይሆናል» አሉኝ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ እሱ እዚህ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ሙገሳ ደርሶት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ትንሽም ቅር ያለው መሰለኝ።

ጋሼ፣ እርስዎም ድርሰቴ ግርጌ ዓመቱን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ብቻ ነበር የሚጽፉልኝ። እዚህ ቢወለዱ ከንቲባ ያደርጉዎት ነበር።

እትዬ በርበሬ የሚልኩልኝ ከሆነ ጥብቅ አድርገው ያሽጉት። ያለፈው ሲከፈት ሽታው ደረጃውን ሞላው፤ ወይዘሮዋ ደጋግመው አስነጠሱና ምንም ሳይሉ መስኮቱን ከፈቱ። የፖስታ ሳጥኔን ጠዋት ማታ እያየሁ ነው።

ያስተማሩት ልጅዎ