ለሥጋ ቤት ደንበኛ የተሰጠ ቅን ምክር

ሰው ሥጋ ቤት ሲገባ ሥጋውን፣ ቤቱንና አስተናጋጁን ሊመዝን የገባ ይመስለዋል። በቢቸናና በሞጣ ግን የሚመዘነው ደንበኛው ነው። ይህን ሳያውቁ ወንበር የሳቡ ስንት የተከበሩ ሰዎች ሥጋቸውን በልተው ክብራቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጥተዋል። እርስዎ ከእነሱ ወገን እንዳይሆኑ የሚከተለውን በቅን ልቦና ይቀበሉ።

መጀመሪያ ቀኑን ያረጋግጡ። የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ ደጀን ላይ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ትተው ወደ ቢቸና የታጠፉት ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የሚጠብቅዎ ሽሮ ነው። «ጥብስ አለ?» ብለው ከጠየቁ አስተናጋጇ «የለም» አትልዎትም፤ ከእግር እስከ ራስዎ ታይዎትና ለባልደረባዋ «እኒህ ሰውዬ እንግዳ ናቸው መሰል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ምን ቢያዙ ዋጋ የለውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትማ ቢላዋውም ያርፋል። ብልህ ሰው ጉዞውን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ያደርጋል፤ በእነዚያ ቀናት ረቡዕም ዓርብም ይበላባቸዋል። የፋሲካ ዕለት ግን ሥጋ ቤት ደጃፍ አይታዩ። ከተማው ቅርጫ ገብቶ እያንዳንዱ መደቡን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል፤ በዚያ ቀን ሥጋ ቤት የተገኘ ሰው ዘመድ የሌለው ነው ተብሎ ይታዘንለታል። ስለ ዐቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን ምክር የለኝም፤ ያን ጊዜ የሚሠራው ክርን ነው።

ቤት ሲመርጡ የአውቶብስ ሾፌር የቆመበትን ይምረጡ የሚል ምክር ይሰጥዎታል። ሾፌሩ ተሳፋሪ ስላመጣ ሒሳብ እንደማይጠየቅ የሚነግርዎ ግን የለም። ከሾፌር ይልቅ የወረዳ ሠራተኛን ይመኑ፤ ደመወዝ ከወጣ ሁለት ሳምንት አልፎትም የመንግሥት ሠራተኛ የሚታይበት ቤት ካገኙ ሳያቅማሙ ይግቡ። ከመግባትዎ በፊት በሩ ላይ የተሣለው መስቀል ይሁን ጨረቃ ቀና ብለው ማየት ደግሞ የጨዋ ደንብ ነው፤ ሁሉም በየሃይማኖቱ የታረደለትን ነው የሚበላ።

አሁን ቆራጩ ፊት ቆመዋል። ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ ነጭነቱን ለማወቅ ግን ጠዋት መምጣት ነበረብዎ። የተሰቀለውን ሥጋ እንደ ሐኪም ጠጋ ብለው ይመልከቱ፣ ባይገባዎትም ራስዎን ይነቅንቁ። በምንም ዓይነት «ከጥሩው ስጠኝ» እንዳይሉ። «መጥፎው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ መልስዎን ይጠብቃል። ስም ጠርተው ይዘዙ፦ ለጥብስ ጎድን ወይም ሽንጥ፣ ለጥሬ ሻኛ አለዚያም ታላቅና ታናሽ፣ ለቅቅል ቅልጥም። «አጥንት አይግባበት» የሚባለው ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ የሚሰማ ልመና የለም። ሚዛኑን ዓይንዎን ተክለው አይዩ፣ በሌብነት የጠረጠሩት ይመስላል። ጣሪያውን እያዩ በዓይንዎ ጠርዝ ይከታተሉ። መጨረሻ ላይ ቁራሽ ጣል ያደርግልዎታል፤ ምራቂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞራ ነው። ቢሆንም «እግዜር ይስጥልኝ» ይበሉ። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ማዘዝ በሕግ አልተከለከለም፤ ያዘዙትን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ በስም የሚያነሣቸው አለ።

ጥሬ ለመብላት ከቆረጡ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛው ኮሶ ነው። በአጠገብዎ የተቀመጡት ሰውዬ ሚጥሚጣና አረቄ ትሉን እንደሚፈጁት ይምሉልዎታል። መሐላቸው ከልብ ነው፣ ትሉ ግን አልሰማም። የሚገድለው ሥጋውን በደንብ ማብሰል ነው፤ ከገባ በኋላ ደግሞ የፋርማሲ ክኒን። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍ አበባ በጥብጠው እየጠጡ ቀኑን ቤት ዘግተው የዋሉት ሚጥሚጣ አጥተው አልነበረም። ሁለተኛው፣ አገርዎ ሲመለሱ ስለበሉት ሁሉ አያውሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚሁ ጎጃም ግሽ ዓባይ ድረስ ዘልቆ ያየውን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ወታደሮች ከነነፍሷ ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱን ያነበቡ ያገሩ ሰዎች ዋሾ ነው አሉት፤ የዓባይን ምንጭ ማየቱንም አብረው ተጠራጠሩበት። በአንድ የሥጋ ወሬ ምክንያት አንድ ወንዝ ሊያጣ ነበር።

ጥብስ ካዘዙ ይቀመጡ። «ደርሷል» ሲባሉ ከሰሉ ገና እየተራገበ ነው። የተማሩ ሰው ከሆኑ ስለ ከፍታ ማሰብዎ አይቀርም፦ ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው። ይህ ሰበብ ቅቅል ላዘዘ ሰው በቂ ነው። ለጥብስ ግን አይሠራም፤ ጥብስ ውሃ አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው ምጣዱ ከፊትዎ ላሉት ሰባት ጠረጴዛዎች አገልግሎ እስኪለቀቅ ነው። አያጨብጭቡ። አንድ ጊዜ ያጨበጨበ ሰው ቸኩሏል ይባላል፣ ሦስት ጊዜ ያጨበጨበ ሰው ግን ለሥጋው ብድር ገብቶበታል ይባላል።

ሞጣ ላይ ስለ መዘግየት ከማማረርዎ በፊት ሰባራ ድልድይን ያስታውሱ። በአፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራውን ያንን ድልድይ አርበኞች በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሰበሩት። ከዚያ በኋላ የጎጃምና የበጌምድር ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ በሰው ጉልበት እየተሳበ፣ ከሥሩ ወንዙ እያገሳ ተሻገረ። እስኪጠገን 60 ዓመት ያህል ፈጀ። ገበያ ለመድረስ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሕዝብ የልጅ ልጆች መካከል ተቀምጠው «አርባ ደቂቃ ሆነኝ!» ቢሉ ማንም አይቆጣዎትም። «ኧረ ዲያ!» ብለው ወደ ቢራቸው ይመለሳሉ። እሱ ከቁጣ ይብሳል።

በመጠበቁ መሀል ጨዋታ ይመጣል። ቢቸና ላይ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን አንሥተው ከሆነ ጥብሱን እርግፍ አድርገው ይተዉት። አርበኛው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል፤ በቢቸና ሥጋ ቤቶች ግን ፍርዱ አልጸናም፣ ይግባኙ በየጠረጴዛው ይታያል። ዳኞቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ጠበቃው ናቸው፣ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የሚቆም አልተገኘም። እርስዎም እንዳይሞክሩት።

ሥጋው ደረሰ እንበል። እየጨሰ፣ ሞራው እየተንጫጫ፣ ቃሪያው ከላዩ ላይ። ስለ እንጀራው አስተያየት አይስጡ። ያሉት የጤፍ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ «የጎጃም ነጭ ጤፍ» እየተባለ በኩራት የሚሸጠው ከዚህ አካባቢ ነው፤ ባለቤቱ ፊት ስለ እንጀራ መራቀቅ አያምርም። ከፊት ለፊትዎ ያለውን ይብሉ፤ እጅዎን ወደ ማዶ ቀይ ቁራጭ የዘረጉ ዕለት ትሪውን የከበቡት ሁሉ በአንዴ ዝም ይላሉ። ጉርሻ ከመጣ አይሽሹ። አንዱ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። ሁለተኛው የጡጫ ያህል ከሆነ ወደውዎታል ማለት ነው፤ በአፍንጫዎ እየተነፈሱ ይዋጡት። ሥጋው ቢጠነክርብዎ ስለ በሬው ክፉ አይናገሩ። ለዓመታት ሲያርስ ኖሮ ነው የመጣው፣ እርስዎ ደግሞ በመኪና ነው የመጡት።

የቀረው ሒሳብ ነው፣ ትልቁ ፈተናም እሱ ነው። አስተናጋጇ ስትመጣ አምስት እጅ በአንዴ ኪስ ይገባል፤ «ሞቼ እገኛለሁ!» ይባላል፣ ክንድ ይያዛል፣ ወንበር ይወድቃል። እዚህ ትግል ውስጥ ገብቶ ያሸነፈ እንግዳ አላየሁም። በቁም ነገር ለመክፈል የፈለገ ሰው ቀደም ብሎ እጅ ለመታጠብ ይነሣና ባንኮኒው ጋ በቴሌብር ጨርሶ ይመለሳል። ላለመክፈል የፈለገም ለመታጠብ ይነሣል፤ እሱ ግን ሳሙናውን ደጋግሞ ያሻል። ሁለቱን አስተናጋጇ ከሩቅ ትለያቸዋለች። ስለ ሥጋው ጥንካሬ የመናገር መብት ያለው ደግሞ የከፈለው ብቻ ነው፤ የተጋበዘ ሰው «ቅቤ ነው!» ብሎ መንጋጋውን ያሻል።

ስቴኪኒ ባንኮኒው ላይ አለ። ነፃ ነው፤ አንድ ብቻ ይውሰዱ።