ያለ ሊዝ የተያዘ መሬት፦ የነፋስ ስልክ የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ ጥናት

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎተራ እስከ ጀሞ፣ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ በብዙ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት መልክዓ ምድር ተሰቅሎ ይገኛል። በስተኋላ ጫፉ በረዶ የለበሰ ሰማያዊ ተራራ አለ። ከተራራው ግርጌ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር አንዲት ጎጆ፣ ከጎጆዋ ጉልላት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጭስ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ከጎጆዋ በር የሚበልጡ ቢጫ አበቦች አሉ። የሳለው ሰው በሙያው ሠዓሊ አይደለም፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ አጥባ ካሰጣች በኋላ ብሩሽ የምታነሳ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ሥዕሉ አይሸጥም፤ ቢለምኑትም አይሰጥም። «ለምን ትስላለህ?» ሲባል መልሱ «እንዲያው ደስ ስለሚለኝ ነው» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ መልሱን በአክብሮት ይቀበላል፤ ግን አያምነውም። ደስታማ ሌላም ቦታ ይገኛል፤ ኳስ በማየት፣ በመተኛት፣ ሰው በማማት። ደስታው ለምን በሐይቅ በኩል ብቻ እንደሚመጣ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው መላ ምት ከቀለሙ ይነሳል። አካባቢው በራሱ ስም የሚጠራ የቀለም ፋብሪካ ያለው በመሆኑ፣ የነፋስ ስልክ ሰው ለምን ይስላል ማለት የወንጂ ሰው ሻዩን ለምን ያጣፍጣል እንደማለት ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ከግድግዳና ከብረት ቀለም እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሠዓሊያችን የሚጠቀመው ከጥርስ ሳሙና በማይበልጥ ቱቦ የሚሸጥ አክሪሊክ ነው፤ ቤት ሲታደስ የተረፈው ነጭ ቀለም ቢበዛ በእንጨት ለተወጠረው አቡጀዴ መደብ ይሆናል። ከዚህም በላይ ቀለም ምን እንዲሳልበት አያዝም። በዚያው ቀለም የቤቱን በር መቀባት ይቻል ነበር፤ በሩም ቀለም ከናፈቀው ቆይቷል። ሁለተኛው መላ ምት ሠዓሊው ያየውን ይስላል የሚለው ነው። ይህ መስኮት በመክፈት ብቻ ይወድቃል። በመስኮቱ የሚታየው የፊት ለፊቱ ብሎክ፣ የሳተላይት ዲሽ፣ የውሃ ሮቶ፣ ከምሰሶ ምሰሶ የሚሄድ ሽቦና የተሰጣ ብርድ ልብስ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ፉሪ ወይም ወጨጫ ከሕንፃ መሀል ብቅ ይሉ ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ግን በረዶ ለብሰው አያውቁም።

የዚህ ጥናት መከራከሪያ እንግዲህ የሚከተለው ነው፦ የነፋስ ስልክ የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ ሥዕል እየሳለ ሳይሆን መሬት እየያዘ ነው። በአገራችን በርስትና በሚስት ቀልድ እንደሌለ የታወቀ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ የከተማ ቦታን በጨረታና በምደባ አሰረ። ርስት በአዋጅ ቀረ፤ የርስት ፍላጎት ግን በየትኛውም አዋጅ አልተሻረም፤ መውጫ ሲያጣ ግድግዳ ላይ ወጣ። ዕጣ የወጣለትን የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለአብነት እንውሰድ። ወለሉ የታች ጎረቤቱ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው የላይ ጎረቤቱ ወለል ነው። በትክክል የእሱ የሆነው በሁለቱ መካከል የታጠረው አየር ነው። በዚህ ላይ ከቤቶቹ ሁሉ ትንሿ «ስቱዲዮ» ትባላለች፤ የዓለም ሠዓሊ ሁሉ የሚመኘው ስቱዲዮ እዚህ በዕጣ ይደርሳል ማለት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የገባ ሰው ቢስል ማን ይፈርድበታል?

ማስረጃው ከሥዕሉ ውስጥ ሞልቷል። አንደኛ፣ ጎጆዋ ምንጊዜም አንዲት ናት። ጎረቤት የለም፤ ስለዚህ የወሰን ክርክር የለም፤ ስለ ደረጃ ጽዳት የሚጠራ የብሎክ ስብሰባም የለም። ሁለተኛ፣ ውሃው ሐይቅ ነው። ሠዓሊው ጀሪካን ከአልጋው ሥር ደርድሮ የውሃ ፈረቃ የሚጠብቅ ሰው ሲሆን፣ በሥዕሉ ግን የቦታውን ግማሽ ለውሃ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ሰማዩ ሽቦ የለበትም። በዚህ ረገድ ሥዕሉ ለሰፈሩ ስም ከሰፈሩ ይልቅ ታማኝ ነው፤ ነፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው በነፋስ እንጂ በሽቦ ከማይሄድ ስልክ፣ ማለትም ከሬዲዮ ጣቢያ ነውና። አራተኛ፣ ፍሬሙ አጥር ነው፤ ሥዕሉ አልቆ ፍሬም እስኪገባ ድረስ ሠዓሊው እንቅልፍ የማይወስደው ያልታጠረ ቦታ ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቅ ነው። አምስተኛ፣ በስተቀኝ ግርጌ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ፣ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ይጽፋል። በአዲስ አበባ «ካርታ አለው?» ሲባል ጥያቄው ስለ ጂኦግራፊ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ካርታ ምንድን ነው? ወረቀት ላይ የተሳለ መሬት፣ ከግርጌው የባለይዞታ ስም። ሥዕሉም ይኸው ነው፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው። ስፋቱንም ብናሰላ፣ 70 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሸራ 0.35 ካሬ ነው። በዚህ ላይ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ጎጆና የአበባ ማሳ ማስፈር የቻለ ሰው በመሬት አጠቃቀም ረገድ ሊሸለም ይገባዋል። ለመኖሪያ የሚሰጥ ሊዝ 99 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ በሥዕሉ ላይ የማብቂያ ዘመን አልተጻፈም።

አበባው ከመሬቱ ተለይቶ ብቻውን ሲሳል መከራከሪያው የሚላላ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ይጠብቃል። አበባ የጓሮ ምስክር ነው፤ ጓሮ የሌለው ሰው ከጓሮ የተቀጠፈ ነገር ካሳየ ጓሮ እንዳለው ይገመታል። የጥንቱን የብራና ሥዕል ያየን እንደሆነ፣ ጻድቁ ሙሉ ፊቱን፣ ክፉው ደግሞ ግማሽ ፊቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ለአበባ የተተወለት ቦታ በገጹ አናትና ዳር የሚጠላለፈው ሐረግ ነበር። ሐረጉ ሥር የለውም፤ አፈርም አያሻውም። ያ ዘመን ባለርስት የሞላበት ነበርና መሬትን በቀለም ለመያዝ የቸኮለ አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የተቀጠፈ አበባ ለውጭ ገበያ የምታቀርብ ናት፤ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ የተነሳው ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ በአውሮፕላን ይሄዳል። የነፋስ ስልኩ ሠዓሊ ጽጌረዳ ግን የትም አይሄድም። የውጭ ምንዛሪ አያስገኝም፤ አይጠወልግምም። በረንዳው ላይ በዘይት ጀሪካን የተከላት እውነተኛዋ አበባ ከደረቀች ወራት ሲያልፉ ሥዕሏ ሳሎን ውስጥ እንደፈካች መኖሯ፣ ከሁለቱ ይዞታዎች የትኛው አስተማማኝ እንደሆነ ይነግረናል።

መቼም ተቃዋሚ አይጠፋም። «ይህ ሁሉ ከካሌንደር የተገለበጠ ነው፤ የስዊዘርላንድን ተራራ የገለበጠ ሰው ስለ ርስት ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። መገልበጡ አይካድም፤ በረዶውም ከዚያ ነው የመጣው። ዳሩ ግን ካሌንደሩ ላይ ከተራራው በተጨማሪ አዲሱ የባንክ ሕንፃ፣ ሪባን የሚቆርጡ የሥራ ኃላፊዎችና የብድር ማስታወቂያ አሉ። የሥራ ኃላፊ ገልብጦ ሳሎኑ የሰቀለ የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ የለም። ከአሥራ ሁለቱ ገጽ አንዱን መምረጥ ማለት ቦታ መምረጥ ማለት ነው፤ የምርጫው መስፈርት ደግሞ የውሃ ቅርበትና የጎረቤት ርቀት ነው። ሌላው ተቃዋሚ ጉዳዩን ከችሎታ ጋር ያያይዘዋል፦ አለ ፈለገሰላም ኅሩይ ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣው ባለሙያ የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ታክሲውንና ገበያውን ሲስል፣ አማተሩ ይህን ስለማይችል ወደ ተራራ ይሸሻል ይላል። ክርክሩ የብሩሽን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ነው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ማስመሪያ ያለው ሁሉ ይስለዋል። በውሃ ላይ የተገለበጠ የተራራ ጥላ ግን ስንቱን ቅዳሜ በልቷል። አማተሩ ከባዱን ትቶ ቀላሉን አልያዘም፤ ሊኖርበት የማይፈልገውን ትቶ ሊኖርበት የሚፈልገውን ያዘ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚወርደው ጎዳና ስማቸው የሚጠራው ዊንስተን ቸርችል ብሩሽ ያነሱት በ1915 እ.ኤ.አ.፣ በአርባ ዓመታቸው ነው፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜም ከ500 በላይ ሥዕል ሠርተዋል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ቻርትዌል የተባለ ሰፊ ግቢ ከነኩሬው የገዙ ሰው መሬት አጥተው ነው የሳሉት? መልሱ በሥራቸው ውስጥ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሳሉት አንድ ሥዕል ብቻ ሲሆን፣ እሱም በ1943 እ.ኤ.አ. ማራኬሽ ላይ የሳሉት የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራና ከበስተጀርባው ያለው የአትላስ ተራራ ነው። ማራኬሽ የሞሮኮ ናት፤ ሞሮኮ ደግሞ በዚያ ጊዜ በፈረንሣይ እጅ ነበረች። የዓለምን ሩብ የያዘ መንግሥት መሪ፣ ጦርነት መሀል ቆሞ ጊዜ ሲያገኝ የሳለው ያልያዘውን መሬት ነው። ሥዕሉንም ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሩዝቬልት በስጦታ አስተላለፉት፤ የስም ዝውውር ክፍያ መጠየቁን የሚያሳይ መዝገብ የለም። የፓሪሱ ሠዓሊ አንሪ ሩሶም ይህንኑ ያጠናክራል። ሩሶ በከተማዋ በሮች ላይ ቀረጥ የሚሰበስብ የኬላ ሠራተኛ ነበር። አንበሳና ነብር የሞላበት ጫካ እየሳለ ኖሮ ከፈረንሣይ ሳይወጣ ሞተ፤ ቅጠሉን ያጠናው በፓሪስ የዕፅዋት መናፈሻ ነው። የሌላው ሰው ንብረት በኬላው ሲያልፍ እየቆጠረ የዋለ ሰው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የማይቀረጥ ጫካ ያዘ።

ልጆችስ? የእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ መልአክና አደይ አበባ ስለው ቤት ለቤት ያዞራሉ፤ ስለ ሊዝ የሚያውቁት ነገር የለም። ይህ ተቃውሞ ያፈርሰናል ሲባል ያጸናናል። ልጁ ሥዕሉን በእጁ አያቆይም፤ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ብሎ ያስረክብና ሳንቲሙን ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ በር ይሮጣል። ማስተላለፍ የሚችለው ገና የሚፈልገው ቦታ ስለሌለ ነው። ልጁ አድጎ፣ ተቀጥሮ፣ ቤት ተከራይቶ፣ አከራዩ ሁለት ጊዜ ከጨመረበት በኋላ ግን ያንኑ ፀሐይና ያንኑ አበባ እንደገና ይስለዋል፤ ያን ጊዜ በገንዘብ አይለቀውም። ልጁ አበባውን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ማዞር ከጀመረ ወዲህም ገበያው ረክሷል፤ አንድን ቦታ ለብዙ ሰው መስጠት ዋጋ እንደሚያወርድ ከመሬት ጉዳይ ጋር የተነካካ ሁሉ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተረት የተወሰደ ነው፦ ይህ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አይደለም ወይ? አይደለም። የሰማይዋ ላም አትታይም፤ የሠዓሊው ላም ግን ከሐይቁ በስተግራ ቆማ ትታያለች፤ እግሯ አጠር ቢልም። ጥናቱ እዚህ ላይ ሊዘጋ በቻለ ነበር፤ ነገር ግን ከመከራከሪያው የሚወለድ አንድ ውጤት ሳይነገር ቢታለፍ ለነዋሪው አይበጅም። ሰው የሚስለው ያልያዘውን መሬት ከሆነ፣ የያዘውን አይስልም ማለት ነው። የነፋስ ስልክ ሰው የነፋስ ስልክን ጉልት፣ የሰፈሩን ኮብልስቶን፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ላይ የተንጠለጠለውን ኮባ እስካሁን ያልሳለው ስለማያምር አይደለም፤ እዚያው ስላለ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤትዎ ተራራውን ትቶ፣ በረዶውን ትቶ፣ የእርስዎን ግቢ በር ከነዝገቱ በጥንቃቄ ሲስል ካገኙት አያድንቁት። ሰኞ ጠዋት ወረዳ ይሂዱና የኮሪደር ልማቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጠይቁ።