አልቅሶ አልቅሶ ይተዋል

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የትምህርት ሳምንት በአዲስ አበባ ኬጂዎች በር ላይ የሚሠራው ሥራ እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ቅልጥፍና ይጠይቃል፣ ቅንጅትም ይጠይቃል። እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ሚኪ ማውስ ከተሣለበት የብረት በር ትደርሳለች። ሞግዚቷ ፈገግ ብላ ሁለት እጇን ትዘረጋለች፤ ዘበኛው በሩን ለአንድ ሰው ማለፊያ ያህል ገርበብ ያደርጋል። «ማሚ ከረሜላ ገዝታልህ አሁን ትመጣለች» ይባላል። ልጁ ከረሜላውን በዓይኑ ሲፈልግ እናቱ የለችም፣ በሩም ተቀርቅሯል። ሲወራጭ አንድ ጫማው ውጭ ቀርቶ ከሆነ ዘበኛው በበሩ ሥር አሾልኮ ያስገባዋል። ወዲያው የሚቀጥለው ልጅ ተራ ነው። ጉምሩክ ላይ እንዲህ ያለ ፍጥነት ቢኖር አገር የት በደረሰች።

ይህ ሁሉ የቆመው አልቅሶ አልቅሶ ይተዋል በሚል ጽኑ እምነት ላይ ነው። የእምነቱ ትልቁ ጥንካሬ በምንም መንገድ ሊሳሳት አለመቻሉ ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ዝም ካለ፣ ይኸው ለመደ። አሥር ቀን ካለቀሰ ደግሞ ጥፋቱ የአሠራሩ ሳይሆን ሞልቃቃ አድርጋ ያሳደገችው የአያቱ ነው። ለምዶ ቆይቶ የመስቀል በዓል አልፎ ሲመለስ እንደ አዲስ ካለቀሰ በዓሉ አበላሸው ይባላል። እንዲህ ያለ አስተምህሮ ሥልጠና አያስፈልገውም፣ በጀት አያስፈልገውም፣ ልጁን ማየትም አያስፈልገውም፤ ጆሮ ብቻ ይበቃዋል። ድምፅ ካለ አልለመደም፣ ድምፅ ከሌለ ለምዷል። ሚስ ደብተሯ ላይ ራይት የምታደርገው ጸጥታው ላይ ነው።

ጆሮ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ሥራ ላይ ቢውል ግን ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ዝም ካሉት ልጆች መካከል ቦርሳውን ከጀርባው የማያወርድ አለ። ሞግዚቷ ልታወርድለት ስትል በሁለት እጁ ማንገቻውን ጨምቆ ይይዛል፤ ሲቀመጥም፣ ምሳ ዕቃው ተከፍቶ ፊቱ ሲቀርብም ቦርሳው እዚያው ነው። ልጁ ሒሳቡን ሠርቷል፤ ቦርሳ የሚታዘለው ወደ ቤት ሲኬድ ስለሆነ ያላወረደ ሰው ሁልጊዜ ለመሄድ ዝግጁ ነው። ሌላዋ ደግሞ በሩ በሚታይበት ጥግ ቆማ አውራ ጣቷን ትጠባለች፤ ኳስ ቢሰጧትም ኳሱን ይዛ በሩን ታያለች። እነዚህ አያለቅሱምና በመዝገቡ ላይ ከለመዱት ተቆጥረዋል። የሚረብሹት፣ ማለትም አሁንም እናታቸውን እየጠሩ የሚጮኹት፣ ችግር ያለባቸው ተብለው ተለይተዋል።

ጸጥታን እንደ ጤና መቁጠር የእኛ ኬጂዎች ፈጠራ ነው ብሎ መኩራራት ግን አይቻልም፤ የለንደን ሆስፒታሎች ቀድመውናል። ሕፃናት ሲተኙ ወላጅ እንዳይጠይቃቸው፣ ቢጠይቃቸውም ከስንት አንዴ ብቻ እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ ምክንያቱም እናት መጥታ ስትሄድ ልጁ ያለቅሳል፣ ካልመጣች ግን ጸጥ ይላል። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ፊልም ለአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ስምንት ቀን ሆስፒታል የቆየች አንዲት የሁለት ዓመት ልጅን ያሳያል። ልጅቷ ብዙም አታለቅስም፤ ለነርሶቹ ተስማሚ ታካሚ ነበረች። ካሜራው ግን ፊቷ ቀን በቀን እንዴት እንደሚጠወልግ ያሳያል። ሮበርትሰንና ባልደረባው ጆን ቦልቢ ከእንዲህ ያለ ምልከታ የደረሱበት ነገር ቀላል ነው፤ ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ይቃወማል፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻም ስሜቱን ቆልፎ ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ይሆናል። ከውጭ ሲታይ «ለመደ» የሚያሰኙት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ ብዙ ሐኪሞች ተቆጥተው ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1959 እዚያው አገር የወጣው፣ የሕፃናትን የሆስፒታል አያያዝ የመረመረው የፕላት ሪፖርት ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ። እርግጥ ሆስፒታል ኬጂ አይደለም፤ የእኛዎቹ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ይገባሉ፣ ቀዶ ሕክምናም የለም። የጉዳቱ ልክ አንድ ነው የሚል የለም። አንድ የሆነው ዝምታውን የምንተረጉምበት መንገድ ነው።

ወደ ከረሜላዋ እንመለስ። በዚያው ግቢ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ይሰጣል፤ መዋሸት ነውር መሆኑ እዚያ ይነገራል። የተግባር ልምምዱ ግን በመጀመሪያው ቀን ይቀድማል፤ አስተማሪዎቹም እናትና ሞግዚት ናቸው። ሱቅ ደርሼ መጣሁ፣ ስልክ አውርቼ መጣሁ፣ ዳዲ መኪና አቁሞ ይመጣል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የሚያበቃ ሱቅ መሄድ! የሦስት ዓመት ልጅ ሰዓት አያነብም እንጂ ሞኝ አይደለም። የሚማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ እናቴ የምትጠፋው ዞር ስል ነው፣ ስለዚህ ዞር ማለት አያስፈልግም። ያን ሳምንት ማታ ቤት ውስጥ እናቱን ሽንት ቤት ድረስ ይከተላታል፣ ቀሚሷን ጨብጦ ካልሆነ አይተኛም፣ ሌሊት እየባነነ መኖሯን ያረጋግጣል። ቤተሰቡም ይገረማል። ምን ነካው? የሰው ዓይን በልቶት ይሆን? ይህን ያህል ጠንቋይ ፈላጊ ምርመራ ሲካሄድ ስለ ከረሜላዋ የሚያነሳ አይገኝም፤ ከረሜላዋም እስካሁን አልመጣችም።

የአሠራሩ ጠበቆች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸውና ልንነፍጋቸው አይገባም። እናት በር ላይ ቆማ እንባዋን እየጠረገች ስትስመው፣ ሄዳ ስትመለስ፣ እንደገና ስታቅፈው ልጁ ይብስበታል ይላሉ። እውነት ነው። የማያልቅ ስንብት ልጁን የሚነግረው ቦታው ለእናቱም እንደሚያስፈራት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ሹልክ ብሎ መጥፋት ይሻላል ማለት፣ ረጅም ሰላምታ ስለሚያሰለች ሰው ሲገባ መደበቅ ይገባል እንደማለት ነው። በሁለቱ መካከል ሳም አድርጎ፣ «እሄዳለሁ፣ ከምሳ በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብሎ፣ እያለቀሰም ቢሆን መሄድና በተባለው ሰዓት መገኘት የሚባል ነገር አለ። ልጁ በዚያን ጊዜም ያለቅሳል። ለቅሶው ግን የሚያውቀውን ሰው መሸኘቱ ነው፤ ሳይነገረው እንደተጣለ ሰው ማልቀሱ አይደለም። እኛም እንዲሁ አድገናል የሚለው መልስም አለ፤ በጣም ያደጉ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ነው። ያደጉት ግን እንዲሁ አልነበረም። የኔታ ጋ ፊደል ሊቆጥር የሚሄድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ፣ ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር፣ የማን ልጅ እንደሆነ ወደሚታወቅበት ግቢ ነበር የሚሄደው። አለንጋ አይጠፋም ነበር፣ እንግዳነት ግን አልነበረም።

የጊዜ ጉዳይም ይነሳል፤ ሥራ ያላት እናት ኬጂ ቁጭ ብላ ልትውል ነው? እዚህ ላይ ሕጋችን አስተዋይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲያገባ 3 የሥራ ቀን፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም እንዲሁ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ሚስቱ ስትወልድም ለአባት 3 ቀን አለ። ልደት፣ ሠርግና ለቅሶ ተሟልተዋል። ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ ስላልታወቀ ይመስላል፣ ቀርቷል። ይኸው አዋጅ ለጎልማሳ አዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይሰጣል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ የምንሰጠው በሩ እስኪዘጋ ያለውን ጊዜ ነው። ባህላችንም ቢሆን ሙሽራይቱ ወደማታውቀው ቤት ስትሄድ መልስ አዘጋጅቶላታል፤ ገና ሠርጉ ሳይቀዘቅዝ እናቷ ቤት ተመልሳ ትታያለች። እሷ እንኳን ወድዳ፣ አድጋና ባሏን አውቃ ነው የሄደችው። በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቀረጸ አሠራር ደግሞ ወላጅ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ልጁን ይዞ ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል፤ በአራተኛው ቀን ተሰናብቶ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወጣል፤ ልጁ በአስተማሪዋ ከተጽናና ጊዜው ይረዝማል። «ጀርመን ሀብታም ነው» ይባላል። የዓመት እረፍታችን ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት እንኳን ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ላይ የሦስት ቀን ጠዋት መቀነስ ምን ያህል ሀብት እንደሚጠይቅ የጀርመንን ባለሙያ መጠየቅ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ትምህርት ቤቶቹ በበኩላቸው ቦታ የለንም ይላሉ፤ ሠላሳ ልጅ ባለበት ጠባብ ክፍል ሠላሳ እናት ቢጨመር ሚስ የት ትቁም? ትክክል ነው፣ ሁሉም ሰኞ ዕለት በአንድ ሰዓት መግባት አለባቸው ተብሎ ከተጻፈ። ግን የት ተጻፈ? ክፍያን በየተርሙ ከፋፍሎ መቀበል የሚያውቅ ተቋም ልጆችን በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት እያደረገ መቀበል እንዴት እንደተሳነው አይገባም። ገንዘብ ሲሆን ቀስ በቀስ መለማመድ ይቻላል።

ለነገሩ ስለ ልጁ ምንም አይጠየቅም ማለት ሐሜት ነው። በነሐሴ በሚሞላው የምዝገባ ቅጽ ላይ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የአባት ሙሉ ስም እስከ አያት ይጠየቃል። ቤት ውስጥ በምን ስም ይጠራል፣ ሲያለቅስ ምን ያጽናናዋል፣ ሽንቱ ሲመጣ ምን ብሎ ይናገራል የሚል መስመር ግን የለውም። ለመጨረሻው ጥያቄ ትምህርት ቤቱ የራሱ መልስ አለውና። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ይነገር ጉራጌኛ ወይም አማርኛ፣ ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት እጁን አውጥቶ «ሚስ፣ ሜይ አይ ጎ አውት» እንዲል ይለማመዳል። አረፍተ ነገሩ ከአንድ የሦስት ዓመት ፊኛ አቅም በላይ ረጅም በመሆኑ የሚሆነው ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ለወላጅ የመጀመሪያው መልእክት ይጻፋል፤ «ልጅዎ በጥሩ ሁኔታ ለምዷል። ሦስት ቅያሪ ሱሪ ይላክ።»