ጌዴዎንን ማን አስታወሰው?

ቀለም አልገባ ያለው ልጅ ሁሉ የትሉን ታሪክ ሰምቷል። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልያዝ ብሎት ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዱላ ይሸሻል፤ ከአክሱም ወጥቶ ማይ ኪራህ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ያርፋል። አንድ ትል ፍሬ ፍለጋ ግንዱን ሲወጣ ስድስት ጊዜ ይወድቅና በሰባተኛው ይሳካለታል። ያሬድም አልቅሶ ወደ አጎቱ ይመለሳል። የኔታም ይህን ታሪክ ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአለንጋው ቀደም አድርገው።

እኔ ግን ለትሉ ብዙም አዝኜ አላውቅም። መውጣትና መውደቅ የትል ኑሮ ነው። የሚደንቀኝ ጌዴዎን ነው። ገርፎ ያባረረው ልጅ አቧራ ለብሶ "ልማር" ሲለው ተቀብሎ እንደገና "ሀ" ብሎ ያስጀመረው እሱ ነው። ትሉ ይኸው እስከ ዛሬ በየስብከቱ ይወደሳል፤ ለጌዴዎን የተረፈችው አለንጋው ብቻ ናት።

እኛ ስሜኖች በዚህ ጉዳይ አስተያየት የመስጠት መብት አለን። ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማውን ከደረሰ፣ በአፄ ገብረ መስቀልም ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ሳይሰማቸው ከቆየ በኋላ፣ አክሱምን ተሰናብቶ የመጣው ወደ እኛ ተራራ ነው። የተሰወረውም እዚያው ነው ይባላል፤ በዓሉ ግንቦት 11 ይውላል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከተማሪ መገላገል የፈለገ መምህር ከዚያ የተሻለ ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ "የያሬድ ጎረቤት ነህ፤ ዜማ አያቅትህም" ተብዬ ነው ለአቋቋም ወደ ጎንደር የተላክሁት። ከደባርቅ በላይ ካለችው መንደራችን ወርጄ፣ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የወገራን ንፋስ ተሻግሬ ደረስሁ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም። ሰው ሁሉ ደጋ የሚላት ከተማ ለእኔ ቆላ ሆነችብኝ። ደበሎዬን ላውልቅ ብል ከሥሩ የማሳየው ልብስ አልነበረኝም።

አገሩ ትምህርቱን ተከፋፍሎ ይዞታል። ድጓ የሚያስመሰክር ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አባ ይሄዳል፤ የአቋቋም ማስመስከሪያው ጎንደር በዓታ ነው። በዓታ ግን የሚደረሰው በመጨረሻ ነው። እኔ የጀመርሁት ስሟን ከማልጠራት አንዲት ትንሽ ደብር አጠገብ፣ ተማሪዎች ራሳቸው ከሠሯት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አቋቋም ዜማውን ከእጅ፣ ከእግርና ከወገብ ጋር ማስማማት ነው። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። በቁም ዜማ ይጀመራል፤ ዝማሜ ሲደርስ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግድ ይሆናል፤ ጽፋት ላይ ጭብጨባው ይሞቃል። ይህ ሁሉ በቃል ይያዛል፤ የሚጠናውም ሌሊት፣ ያለ መብራት ነው። ለድጓው እንኳ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የዜማ ምልክት አበጅተውለታል። ለወገብ ምልክት ያበጀ የለም።

የእኔ ችግር ደግሞ ከወገብ በታች ነበር። ዜማው ገብቶኛል፤ ድምፄም አይከፋም። ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ግን እግሬ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መቋሚያዬም በዚያ ጨለማ የጎኔን ልጅ ጆሮ ፈልጎ ያገኛል።

የኔታ ዓይናቸው አያይም። ይህ ለእኔ ዓይነቱ ተማሪ መልካም ዜና ይመስላል፤ አልነበረም።

"አንተ የስሜኑ!"

"አቤት የኔታ!"

"ወዴት ትሄዳለህ?"

"ኧረ የትም አልሄድኩም የኔታ።"

"ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ አንተ ወደ ደባርቅ ትሄዳለህ። ተመለስ!"

"ተመለስ" ማለት ከመጀመሪያው ጀምር ማለት ነው። ጀመርሁ። ተመለስ ተባልሁ። ደግሞ ጀመርሁ። አንድ ሌሊት ተስፋ ቆርጬ፣ "ምናልባት የኔታ፣ ይኸ የራሴ ስልት ቢሆንስ?" አልሁ። ጎጆዋ ጸጥ አለች። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "አለቃ ገብረ ሐና አዲስ ዝማሜ ቢያመጡ ጎንደር አልቀበልም አለች። ያንተንማ!" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አለቃ ገብረ ሐና አገር በቀልድ ብቻ ያስታውሳቸዋል እንጂ፣ የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስ ልጅ ትልቅ ሊቅ ነበሩ። የጣና ማዕበልና የዳር ደንገል ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት "ከአባቶች ያልወረስነውን" ብለው ገፉት። አለቃ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደብረ ታቦር ወስዶ ተከለው፤ ዛሬ በስሙ "ተክሌ" እየተባለ በየደብሩ ይቆማል። ይህን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ። ጎንደር ባትቀበለኝ ደብረ ታቦር አለች ማለት ነው።

ጓደኞቼ መድኃኒት ይመክሩኝ ጀመር። አንዱ የበለሳ ልጅ አብሾ ጠጣ አለኝ፤ አብሾ የጠጣ ቀለም አያመልጠውም ይባላልና። አብሾ መርዝ ነው፤ ቀለም ሊይዝ ጠጥቶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከራሱ ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው በየአገሩ አይጠፋም። ደግነቱ የጭልጋው ልጅ ደረሰልኝ።

"ምን ሊያደርግለት? ጭንቅላቱ ደኅና ነው። የጠፋው እግሩ ነው። አብሾ ለእግር ይሆናል ያለ ሰምተህ ታውቃለህ?"

ይህ የጭልጋ ልጅ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። የኔታ "ይህን የስሜኑን አንተ ያዘው" ብለው ሰጡት። አያያዙን ላላወቀ እንደ ቅጣት ሊቆጠር ይችላል፤ እሱም መጀመሪያ እንደዚያ ሳይቆጥረው አልቀረም።

ቀን ቀን ሌላ ትምህርት ነበረን፤ ቁራሽ ልመና። አኮፋዳችንን አንግተን፣ ዱላችንን ይዘን በየሰፈሩ እንዞራለን። "በእንተ ስማ ለማርያም!" ብለን እንቆማለን። አንዳንዷ እናት ያደረ እንጀራ ላይ ትኩስ ሽሮ አፍስሳ ትመጣለች፤ ነፍሷን ይማር። አንዳንዷ ከውስጥ ሆና "እግዜር ይስጥህ!" ትላለች፤ ይህን ያለች ሴት ራሷ እንደማትሰጥ ማንኛውም ተማሪ ገና ፊደል ሳይለይ ያውቃል። ሌላው ደጅ ደግሞ ውሻ ይሰጣል።

የጎንደር ውሻ ደበሎ ያውቃል። ለነጋዴ አይነሳም፣ ለፈረንጅ ጭራውን ይቆላል፤ የበግ ለምድ የለበሰ ልጅ ሲያይ ግን የአባቱን ገዳይ ያገኘ ይመስለዋል። አንድ ቀን ከቀሃ ወንዝ ማዶ ባለ ሰፈር ሁለት ሆነው መጡብኝ። እኔ ዱላዬን ግራና ቀኝ እያወዛወዝሁ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ፊቴን ሳላዞር አጥሩን አልፌ ወጣሁ። ዞር ስል የጭልጋው ልጅ መንገድ ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። የሚስቅ መስሎኝ ተቆጣሁ።

"ትስቃለህ እንዴ? ሲበሉኝ ታያለህ?"

"ቆይ፣ ቆይ። እስቲ አሁን ያደረግኸውን ድገመው።"

"ውሾቹስ?"

"ውሾቹን ተዋቸው። ግራ፣ ቀኝ፣ እግርህ ከዱላው ጋር። አንዲት አልሳትህም! ይኸ እኮ ዝማሜ ነው። ሌሊት ለምን ትደብቀዋለህ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርታችን ወደ ቀሃ ወረደ። ውኃ ልንቀዳ እንሄድና ጀሪካኖቻችንን አስቀምጠን እኔ ዜማውን እይዛለሁ፣ እሱ ፊት ለፊቴ በአራት እግሩ ሆኖ ይጮኻል። ቁም ነገሬን ነው፤ ይጮኻል። ዜማው ሲረዝም ጩኸቱን ያረዝመዋል፣ ሲፈጥን ያፋጥነዋል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች መጀመሪያ ያማትቡ ነበር፤ በኋላ ለመዱን፤ ከነሱም አንዷ "የዛሬው ውሻ ድምፁ ዘግቶታል" እስከማለት ደረሰች። በጣሳ ጠጠር ጨምረን ጸናጽል አደረግን፤ ባዶው ጀሪካን ከበሮ ሆነ። የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ካለበት ከተማ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ ይጠበቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ያለን እሱ ነው።

ሌሊት ግን ሌላ ነገር ነው። የኔታ ፊት ስቆም እግሬ ቀሃን ይረሳል፤ "ተመለስ" ይከተላል። ይህ ምን ያህል እንደቆየ አልቆጠርሁም፤ ገብስ የተዘራውም የታጨደውም በዚሁ መካከል ነው። አንድ ሌሊት የጭልጋው ልጅ ከኋላዬ ቆመ። ዝማሜው ሊጀመር ሲል በጥርሱ መካከል ቀስ ብሎ "እር..." አለ። እግሬ ወዲያው ገባው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ከነመቋሚያዬ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ። ጎጆዋ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። "ተመለስ" የሚለውን ጠበቅሁ። የለም። የኔታ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣

"ማነው ውሻ ያስገባ?" አሉ።

ምስጋናው ይኸው ነበር። ወዲያው "ቀጥል፣ አንተ የበለሳው" ብለው ወደ ሌላው ተሻገሩ። ተማሪ ሲሳካለት የሚጨበጨብበት አገር እንዳለ የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በማግስቱ ከአዳርቃይ አንድ ልጅ መጣ፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ሽቅብ ወጥቶ፣ እግሩ ተልጦ። የኔታ "ይህን ለስሜኑ ስጡት" አሉ። እኔ ደነገጥሁ። ትናንት ነው እኮ ያወቅሁት! ወደ ጭልጋው ልጅ ዞሬ ይህንኑ ብለው፣ "እኔስ መቼ ያወቅሁ ይመስልሃል? ባለፈው ፍልሰታ ነው። ይኸ የበለሳው ነው መከራውን ያየብኝ" አለኝ። አብሾ መካሪው! እሱንስ ማን አስተማረው ብዬ ብጠይቅ ሌላ ስም፣ ከዚያም ሌላ ስም ይመጣ ነበር።

የየኔታ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። እርሳቸው ዝማሜን ሳያውቁ የኖሩበትን ዘመን ረስተውታል፤ እግሬ ለምን ወደ ደባርቅ እንደሚሄድ ከሰውነታቸው ጠይቀው መልስ አያገኙም። የጭልጋው ልጅ ግን መሳቱ ገና ከእግሩ አልወጣም። ስለዚህ የኔታ ጆሯቸውን ለራሳቸው ያስቀሩና፣ ማስጀመሩን ትናንት ለተጀመረው ይሰጣሉ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ጎበዙን ልጅ ከፊት አስቀምጦ ይሸልመዋል፤ የኔታ ደንቆሮ ያሸክሙታል። የትኛው እንደሚሻል ለእኔ ግልጽ ነው።

በዓታ አልደረስሁም፤ አስኳላ ጠልፎኝ ሌላ መንገድ ሄድሁ። ነገሩ ግን ተከተለኝ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ሆኜ ስቀመጥ፣ ተማሪው ኢንተርኑን፣ ኢንተርኑ ሬዚደንቱን፣ ሬዚደንቱ ትልቁን ሐኪም ተከትለው ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ አየሁ። ትልቁ ሐኪም አንዲት ጥያቄ ጣል ሲያደርግ ሁሉም ወደ ታች ወደ ታች እየተያየ ጥያቄዋ መጨረሻው ልጅ ላይ አረፈች። "ተመለስ" ሊሉት ነው ብዬ አዘንሁለት።

ቆይቶ ደግሞ መሥሪያ ቤቴ "የሜንተርሺፕ ሥልጠና" ላከኝ። አዳራሽ፣ ብስኩት፣ አበል፣ ቀስት የበዛበት ፓወር ፖይንት። አሠልጣኙ "እስቲ ሜንተር የነበረው ሰው እጁን ያውጣ" አለ። አወጣሁ። "ጥሩ! እንዴት ነበር ድጋፍ የሚያደርግልህ?"

"ይጮኽልኝ ነበር።"

"ይቆጣህ ነበር ማለትህ ነው?"

"የለም፤ እንደ ውሻ።"

ሻይ እረፍት ሆነ።

ዘንድሮ በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መጻፍ ልማር ተነሣሁ። ግዕዝ ስማር ያደግሁትን ሰውዬ "ፓወር ግዕዝ" የሚባል ነገር ጣለኝ። "ጸ"ን ስፈልግ "ፀ" ይመጣል፤ "ኀ" የት እንደተደበቀች እግዜር ይወቅ። የምታስተምረኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል። አጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች፣ በተሳሳትሁ ቁጥር ቀና ሳትል "ጋሼ፣ ይመለሱ" ትለኛለች። መቼ ቻልሽው ብላት፣ "ባለፈው ሳምንት፣ ጓደኛዬ አሳየችኝ" አለች። ይህችን ወግ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ፊደሏን የለቀመችው እሷ ናት።

እርስዎም ጎንደር ወይም ወገራ ወይም ስሜን ካሉ፣ ማለዳ ደበሎ የለበሰ ልጅ ደጅዎ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ቢል፣ "እግዜር ይስጥህ" ብለው አይሸኙት፤ እንጀራውን ራስዎ ይስጡት። ውሻውን ግን ለመያዝ አይቸኩሉ፤ ልጁ ዝማሜ እያጠና ይሆናል።