ልጆቻችንን በጭልፊት መዝግቡልን

እኛ ሆሳዕና ላይ ጭልፊትን የምናውቀው በሌብነቱ ነው። ለያሆዴ በዓል በሬ ተጥሎ ቅርጫው በእንሰት ቅጠል ላይ መደብ በመደብ ሲደለደል ከላይ እየዞረ ይጠብቃል። አንድ ልጅ የቤቱን ድርሻ ይዞ ሲሮጥ ላፍ ያደርግበትና ባሕር ዛፍ ላይ ይወጣል። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ትራገማለች፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ አዳኝ ወፍ የሚያሳድግ ሰው ፈቃድ ያውጣ፣ ሥልጠናም ይውሰድ የሚለው ጉዳይ በሠለጠነው ዓለም እንደሚያከራክር ስሰማ፣ ጥጋብ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ተጸጽቻለሁ። ፈቃዱም ሥልጠናውም ያስፈልጋል። እንዲያውም ሕጉ ለእኛም ይድረሰን ብዬ አቤት ልል ነው።

አሜሪካ ውስጥ በጭልፊት ማደን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ፈተና ይቀመጣል፤ ከመቶ 80 ካላመጣ ወፍ አይነካም። ማደሪያው ይፈተሻል፣ ዕቃው ይታያል። ከዚያም ቢያንስ ሁለት ዓመት በነባር ባለሙያ ሥር ተለማማጅ ሆኖ ይቆያል። ልብ በሉልኝ፣ የሚፈተነው አሳዳሪው ነው። ወፉን «አሳዳሪህ ሲቆጣ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ልጆቻችን ወደሚሄዱበት ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንሻገር ደግሞ ክብሩ ይብሳል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጭልፊት ፓስፖርት አለው። ቀልድ አይደለም፤ በእግሩ ቀለበት ላይ ያለው ቁጥር የሰፈረበት፣ ሦስት ዓመት የሚያገለግል ፓስፖርት ነው። ድንበር ሲሻገር ማኅተም ይመታለታል። በኳታር አየር መንገድ ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ እስከ ስድስት ጭልፊት ተሳፍሮ መሄድ ይፈቀዳል። አቡ ዳቢ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጭልፊት ብቻ ተብሎ የተከፈተ ሆስፒታል አለ፤ ታካሚዎቹ ዓይናቸው በቆዳ ቆብ ተሸፍኖ፣ ሰው ሠራሽ ሣር በለበሰ መቆሚያ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ላባው የተሰበረበት ካለ፣ ከተቀመጠው የላባ ክምችት በመልክና በመጠን የሚስማማው ተፈልጎ ይተከልለታል። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከዓረብ ሀገር ስትመለስ ጣቷ በካውያ ተቃጥሎ ነበር፤ ለሱ የሚስማማ ጣት የፈለገላት የለም።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። በእኛ ሀገር ሥልጠና የለም ብሎ የሚያማ ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ለሥራ የሚሄደው ሰው 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም እንዲይዝ ደንግጎ ነበር። የወንድሜን ልጅ ሥልጠና የወሰድኳት እኔ ነኝ። የደረስን ዕለት መብራት የለም። አሠልጣኙ አልተበገረም፤ ሰሌዳው ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሣለና ቁልፎቹን በጠመኔ እየነካ አስረዳ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ጠመኔውን «እያዩ» አጠቡ። በአየር ላይ ተኮሱ፣ በአየር ላይ ምንጣፍ ጠረጉ። በኋላ በቃል ጥያቄ፣ «ማዳም ብትቆጣሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ተባለች።

«አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ።»

ብቁ ነሽ ተባለች። ከዓመት በፊት ለአባቷ እንኳን ዝም የማትል ልጅ ነበረች፤ በዚህ ብቻ ሥልጠናው ፍሬ አፍርቷል ማለት ይቻላል።

ማዳም የት ሠለጠነች? «ሠራተኛሽ ሲርባት ምን ታደርጊያለሽ?»፣ «ሌሊት ስንት ሰዓት ታስተኛታለሽ?»፣ «ደመወዟን ስንት ወር ከያዝሽ በኋላ ነው የረሳሽው?» የሚል መዛኝ የት አለ? ለአንድ ወፍ ሁለት ዓመት ተለማማጅ የሚያስደርግ ዓለም፣ ለአንዲት የሻሾጎ ወይም የሺንሺቾ ልጅ የሁለት ሰዓት ማብራሪያ እንኳን ለአሠሪዋ አላሰበም። እንግዲህ ወፉ ይናከሳል፣ ልጅቱ አትናከስም፤ ለጥንቃቄ ይሆናል።

ሰነፍ ሰው «ለሰውም ስምምነት አለ» ይለኛል። አለ እንጂ! መጥፋት የሚያሰጋቸውን እንስሳት ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተቀላቅላለች፤ ጭልፊት ያለ ወረቀት ድንበር አያልፍም። ስለ ቤት ሠራተኞች ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት አለ፤ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ግን ገና እያነበቡት ነው። ረጅም ሰነድ ነውና አይፈረድባቸውም። የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሕጋቸው ክልክል ነው፤ የማዳም መሳቢያ ግን ሕግ አያነብም።

በዋጋም ቢሆን ንጽጽሩ ይገርማል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በጨረታ አንድ ጭልፊት 1.75 ሚሊዮን ሪያል ተሸጧል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ የሆሳዕና ልጅ ሳትበላ ሳትለብስ፣ ለያሆዴ በሬም ሳትልክ ብታጠራቅም፣ ያን ወፍ ለመግዛት 145 ዓመት ከ10 ወር ይበቃታል። ወጣት ናት፣ ትደርሳለች።

የስንብቱን ነገርማ ተዉት። በአቡ ዳቢ መርሐ ግብር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአደን ጊዜያቸውን የጨረሱ ጭልፊቶች ጤናቸው ታይቶ፣ ቀለበት ታስሮላቸው፣ አንዳንዶቹም የሳተላይት መከታተያ ተደርጎላቸው ወደ ተፈጥሮ ይለቀቃሉ። በሰላም መድረሳቸው ይታወቅ ዘንድ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ቤይሩት ላይ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አራግፈው ሄዱ። መከታተያ አላሰሩላቸውም፤ መቼም አስፋልት ላይ የተኛ ሰው አይጠፋም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኩዌት ውስጥ ደግሞ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ያዙኝ እያለች ስትጮኽ፣ አሠሪዋ ቆማ በስልኳ ትቀርጻት ነበር። ልጅቱ ወደቀች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። አሠሪዋ ተያዘች። መብረር የሚችለውን በሥልጠና የሚይዝ ዓለም፣ መብረር የማትችለውን መስኮት ላይ ሲያያት ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶታል።

ደግሞ ሁሉን በዓረብ ማሳበብ ነውር ነው፤ እኛም ዘንድ ባለሙያ ሞልቷል። የጭልፊት ዕድሜ ከቀለበቱ ጋር ይመዘገባል፣ ማንም አይነካውም። የእኛ ልጅ ግን በ16 ዓመቷ ወደ ቀበሌ ገብታ፣ በ24 ዓመቷ ትወጣለች። በአንድ ቀጠሮ ስምንት ዓመት! ደላላው ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና በባጃጅ እየዞረ ቤት ለቤት ሲመርጥ እንደ ጭልፊት ከላይ አይዞርም፤ ቡና ተጠጥቶለት፣ ተመርቆ ነው የሚሄደው። አባት ወይፈኑን ይሸጣል፣ ጉባኤው ይጸልያል። ባጃጁን ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ልጅ ለመልቀም ግን ጥሩ ጫማ ይበቃል። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጎረቤት ስለ እሷ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጂ ፕላሱ ተጀመረ?»

አቤቱታዬ እንግዲህ አጭር ናት። ልጆቻችን የቤት ሠራተኛ በሚለው መዝገብ ተጎድተዋልና፣ በጭልፊት ይመዝገቡልን። ቀለበቱን እኛ እናሠራለን፤ መርካቶ ርካሽ አለ። ቆቡም አያስቸግራቸውም፣ ዓይን ሸፍኖ መሄድን ከዚሁ ለምደው ነው የሚሄዱት።

ይህን ሐሳብ ለወንድሜ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ከዓረብ ሀገር ስትደውል ነገርኳት። ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ። ሳቀች።

«ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ አንድ አለ» አለችኝ። የአባወራው ነው። ኤሲው የማይጠፋ ክፍል አለው፤ ድርጭት የምትከትፍለት እሷ ናት። በቀደም ዕለት አልበላ ብሎ ወደ ሐኪም ሲወሰድ ዕቃውን እንድትይዝ አብራ ሄደች። ከቤት ከወጣች አራት ወሯ ነበር። መዝጋቢው ፓስፖርት ሲል ልቧ ድንግጥ አለ፤ የኔን የት አመጣለሁ ብላ። ሰውየው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ።

«የማን ነበር?» አልኳት።

«የወፉ ነዋ» አለችና፣ ማዳም መጣች መሰለኝ፣ ቧንቧውን ዘጋችው።